የግራው ፍሬቻ

ሹፌሩ ጎደፋ የሞተው ካቻቢቴ እንደጨበጠ ነው። አልጋና ምድጃ ያለው ነጩ ተሳቢ ቁልቁል ተንሸራቶ ከግንቡ አጥር ጋር አጣብቆታል።

ኢንስፔክተር ለተመድህን ዓዲ ሓቂ ካለው የአስጎብኚ ድርጅት ግቢ ስትደርስ ከጧቱ ሁለት ሰዓት አልሞላም። ግቢው ተዳፋት ነው። መኪናው ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ከላይ ቆሟል፤ ተሳቢው አራት እርምጃ ዝቅ ብሎ። ከጎማ ሥር የሚገቡት ታኮዎች መኪናው ላይ ተጭነዋል። የመብራቱ ገመድ በሥርዓት ተጠቅልሎ ተሳቢው አንገት ላይ ተሰቅሏል።

«ሳያያይዘው ታኮውን አነሳ» አለ ቀድሞ የደረሰው የትራፊክ ፖሊስ። «አደጋ ነው።»

ለተመድህን ወደ ተሳቢው ኋላ ዞረች። የተሳቢው የግራ ፍሬቻ ክዳን ተፈቷል፤ ብሎኖቹ በሟቹ የሸሚዝ ኪስ ውስጥ ናቸው።

ሬሳውን ያገኘው ሁለተኛው ሹፌር ረዳኢ ነበር። እጁ በግራሶ ጠቁሯል።

«ከጎደፋ ጋር አትስማሙም ይባላል» አለችው።

«ቀንቼበታለሁ፤ ምን እደብቃለሁ? ተሳቢው ሲመጣ ለሱ ሰጡት፤ ለኔ ከኤርፖርት እንግዳ ማመላለስ ብቻ ቀረልኝ። ግን ዛሬ ነዳጅ ልቀዳ ወጥቼ ስመለስ ነው ሞቶ ያገኘሁት።»

ያሳያት የነዳጅ ደረሰኝ ሰዓቱን ይናገራል። አይታ ወረቀቱን መለሰችለት።

«ሲያያይዝ ከምን ይጀምራል?»

«እንደ ጸሎት ነበር የሚደግመው። የተሳቢውን ራስ የመኪናው መጎተቻ ጋንቾ ላይ አሳርፎ ይቆልፋል። በክሪክ ከፍ ሲያደርገው የመኪናው ኋላ አብሮ ከተነሳ፣ ይዟል ማለት ነው። ከዚያ ሰንሰለቱ፤ ከዚያ የፊቷን ትንሽ ጎማ ወደ ላይ ይሰበስባል። ቀጥሎ ገመዱን ይሰካል፣ ታኮውን ያነሳል። መብራት የሚያየው በመጨረሻ ነው። አንድ ቀን ሲያሳስት አላየሁም።»

የሟቹ ሚስት ፍሬወይኒ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ከነበረችበት የልብስ ፋብሪካ ጋዋኗን እንደለበሰች መጣች።

«ትናንት እዚህ መጥተሽ ጮኸሽበታል አሉኝ።»

«ጮኼያለሁ። በወር ሁለቴ፣ አራት አራት ቀን ገርዓልታ! ከአስጎብኚዋ ከዮሃና ጋር! ለባሏም ደወልኩለት።»

«ምን አልሽው?»

ፍሬወይኒ አቀረቀረች። «ሚስትህ ከኔ ባል ጋር ስትስቅ ሰፈሩ ይሰማል አልኩት።»

ለተመድህን አልፈረደችባትም። እሷም በትዳሯ ጊዜ የባሏን ኪስ ስትፈትሽ የኖረች ሴት ናት።

የዮሃና ባል አምሃ የደብረ ብርሃን ልጅ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ፣ ሚስቱን አስከትሎ ደረሰ።

«የዮሃናን ሻንጣ ላደርስ አንድ ሰዓት ላይ መጥቼ ነበር» አለ። «ያኔ ተሳቢው ገና አልተያያዘም።»

«ታዲያ ከኋላው ምን ያደርግ ነበር?»

«የግራው ፍሬቻ እንደማይበራ የነገርኩት እኔ ነኝ» አለ ፈጠን ብሎ። «ሊፈታው ሄደ፤ እኔም ወጣሁ። ምነው ባልነገርኩት!»

ሬሳው ከተነሳ በኋላ ለተመድህን ረዳኢን መኪናውን አስጠግቶ ገመዱን እንዲሰካ አዘዘችው። ከዚያ ሁሉንም ተሳቢው ኋላ አቆመቻቸው። አምሃ እንዲገባው ትግርኛውን ትታ በአማርኛ ተናገረች።

«ረዳኢ፣ የግራውን አብራ።»

ክዳን አልባው አምፖል ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ።

«ይሠራል» አለች። «ጎደፋን ከተሳቢው ኋላ ያስቀመጠው ውሸት ነው። አቶ አምሃ፣ ፍሬቻው እንደማይበራ በምን አዩ?»

«ሲሞክረው...»

«ለመሞከር ገመዱ መሰካት አለበት። ጎደፋ ደግሞ ሳይቆልፍና ሰንሰለት ሳያስር ገመድ አይሰካም። ስለዚህ እርስዎ ሲመጡ ተሳቢው ተያይዞ፣ ታኮውም ተነስቶ ነበር። እሱ ጎንበስ ብሎ ብሎን ሲፈታ አንድ ሰው ገመዱን ነቅሎ ሰቀለው፣ ሰንሰለቱን ፈታ፣ ትንሿን ጎማ አውርዶ የተሳቢውን ራስ ከጋንቾው ላይ አነሳው። ጎደፋ ተሳቢው ሲነቃነቅ ቢሰማም ዞሮ አላየም፤ ገመዱን እየነካካለት መስሎታል። ያ ሰው ግን ግራሶ ሳይነካው አይቀርም።»

«ረዳኢን እዩት እንጂ! እጁን እዩት!»

«ረዳኢ ያኔ ነዳጅ ሲቀዳ እንደነበር ደረሰኙ ይናገራል፤ እሱ ቢሆን ደግሞ አምፖሉ እንደሚሠራ የሚያጋልጠውን ገመድ ደህናውን ትቶ፣ እጁንም ሳይታጠብ አይጠብቀኝም ነበር።»

ዮሃና ባሏን ቀና ብላ አየችው።

«አምሃ» አለች ቀስ ብላ። «ጧት ስትመለስ እጅህን በልብስ ሳሙና ስትፈትግ ምን ነካህ ብዬህ ነበር። የብስክሌት ሰንሰለት ነው አልከኝ። ብስክሌቱ እኮ ከተሰረቀ ወር አለፈው።»

 አምሃ ድንገት ፈነዳ።

«ሻንጣዋን ስሰጠው ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ‹ወፍራም ጋቢዋን ረስታለች፤ ገርዓልታ ማታ ማታ ይበርዳታል›! ሚስቴን እንደሚበርዳት እሱ ይነግረኛል! እቤት እኮ ስቀሽ አታውቂም፣ ዮሃና!»

«ድሮ እስቅ ነበር» አለች ዮሃና። «በሳቅሁ ቁጥር ማን አሳቀሽ ትለኛለህ።»

ፖሊሶቹ ካቴና አስገብተው ወሰዱት። ረዳኢ መኪናውን አጠፋው።

ፍሬወይኒ መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር። ዮሃና ልትደግፋት ጠጋ ስትል ክንዷን ያዘቻት።

«ሓፍተይ፣ እህቴ፣ በእመቤቴ ማርያም ንገሪኝ። አራት ቀን ሙሉ መንገድ ላይ ስለ ምን ነበር የምታወሩት?»

ዮሃና አጠገቧ ቁጢጥ አለች።

«ስለ ጎማ ነፋስ» አለች። «ስንት መሞላት እንዳለበት፣ በሙቀት ምን ያህል እንደሚጨምር። ከውቅሮ እስከ ሐውዜን። እኔ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።»

ፍሬወይኒ ሳቅ የሚመስል ድምፅ አወጣች፤ ከዚያ ጋዋኗን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰችው።