ደጅ የቀረው ስምንት ጊጋ

አሮጊቷ የሞቱት በጠራራ ፀሐይ፣ ከነርሷ ጠረጴዛ ዐሥር እርምጃ በማይሞላ አልጋ ላይ ነው። ልባቸው ሲደክም መጮህ የነበረበት ማንቂያ ትንፍሽ አላለም።

ማንቂያው ያለው በሆስፒታሉ ምድር ቤት ባለ ሰርቨር ውስጥ ነው። አንዱ ትልቅ ማሽን እንደ ኪራይ ቤት ተሸንሽኖ ብዙ ምናባዊ ማሽኖች ይኖሩበታል፤ ለእያንዳንዳቸው የሜሞሪ ልክ ተቆርጦላቸዋል። በዚያን ቀን ሰባት ሰዓት ላይ የማንቂያው ፕሮግራም ሜሞሪ አጥሮት ወደቀ።

ሰርቨሩን የሚጠብቀው ሽቦ የሚሉት ሰው ነው። ዐሥራ አንድ ዓመት እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ሠርቷል። ዲግሪ ስለሌለው በስብሰባ ወንበር አይሳብለትም፤ ነገር ሲበላሽ ግን ስሙ ከሁሉ ቀድሞ ይጠራል። አሁንም የሰርቨሩ መዝገብ በዚያ ቀን አምስት ሰዓት ላይ ሜሞሪው ከስምንት ጊጋ ወደ ዐሥራ ስድስት ከፍ መደረጉን ያሳያል፤ አጠገቡ የሽቦ ስም አለ። ሽቦ በዚያ ሰዓት ብቻውን ጣራ ላይ ማቀዝቀዣ ይጠግን ነበር። ማን ይመስክርለት?

ሞቱን ልታጣራ የመጣችው መርማሪ ድምፅዋ የማይሰማ፣ ዓይኗ ግን የማያርፍ ሴት ናት። ነርሷ ጠዋት ስክሪኑ እየተጎተተ መሆኑን ለሽቦ አለቃ ቢሮ መንገሯን አስረዳች፤ ምድር ቤቱን ግን ረግጣው አታውቅም። ከዚያ መርማሪዋ ለሽቦና ለአለቃው ለኢንጂነሩ፣ ለየብቻቸው፣ አንድ ጥያቄ አቀረበች። ማሽኑ ሳይጠፋ ሜሞሪ ሲጨመርለት፣ ሥራው አለቀ የሚባለው መቼ ነው?

ኢንጂነሩ ፈገግ አለ። «ስክሪኑ ዐሥራ ስድስት ሲል ነዋ። ሜሞሪ አልጎደለም፤ ወይ ሽቦ ሌላ ነገር ነካክቷል፣ ወይ ነርሷ ተኝታለች።»

ሽቦ ግን ጭንቅላቱን አከከ። «እሱማ ደጅ ማድረስ ነው፣ እመቤቴ። ውስጥ ገብቼ ተቀበል ካላልኩት የእኛ ማሽን አይወስደውም። በራሱ እንዲቀበል እናስተካክለው ብዬ ሦስት ጊዜ ጽፌ ነበር።» ደብዳቤዎቹን አሳያት። በሦስተኛው ጠርዝ ላይ ኢንጂነሩ «ደረጃህን እወቅ» ብሎበታል።

በማግስቱ ጠዋት ዳይሬክተሩን፣ ኢንጂነሩን፣ ነርሷንና ሽቦን ሰርቨሩ ፊት ሰበሰበቻቸው። በሩ ላይ ሁለት ፖሊሶች ቆመዋል።

መጀመሪያ ማሽኑን ከውጭ አሳየች፤ ዐሥራ ስድስት። ሽቦ ከውስጥ እንዲከፍት አዘዘች፤ ስምንት። ሽቦ በዐሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ዐሥራ አራት ጊዜ ሜሞሪ ጨምሯል፤ መዝገቡ ውስጥ ሁልጊዜ ሁለት መስመር አለ፤ መጨመርና መቀበል። አሮጊቷ በሞቱበት ቀን ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው። የጨመረው ሰው መቀበል የሚባል ነገር መኖሩን አያውቅም። የሽቦን የይለፍ ቃል ደግሞ፣ በመሥሪያ ቤቱ ደንብ፣ በመሳቢያው ቆልፎ የሚያስቀምጠው አለቃው ነው።

«ትናንት ሥራው ስክሪኑ ላይ ያልቃል ያሉኝ እርስዎ ነዎት» አለችው ኢንጂነሩን።

ኢንጂነሩ ወደ ዳይሬክተሩ ዞረ። ለመርዳት ብዬ ነው አለ፤ ሽቦን ፈልጌ ስላጣሁት ነው አለ።

ሽቦ ገና መተንፈስ ሲጀምር ዳይሬክተሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የይለፍ ቃሉን ለማንም አልሰጥም ብለህ ፈርመሃል?»

«ፈርሜአለሁ ጌታዬ። ለአለቃዬ እንዳስረክብም ፈርሜአለሁ።»

«ስምህ ነው ያለው። መሥሪያ ቤቱ የሚያውቀው መዝገቡን ነው።»

መርማሪዋ ያየችውን ሁሉ እንደምትጽፍ ተናገረች። ዳይሬክተሩም ይጻፍ አሉ፤ መዝገቡም ከላይ ይያያዝ። ክሱን የሚያቀርበው መሥሪያ ቤቱ ነው። እሷም ይህን ስለምታውቅ ዓይኗን ከሽቦ ላይ አነሣች።

ፖሊሶቹ ሲገቡ ኢንጂነሩ ጠጋ አለው። በዐሥራ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ወንድሜ አለው። «ወንድሜ፣ ከመሄድህ በፊት ያቺን ተቀበል የምትለዋን አሳየኝ።»

ሽቦ ቀና ብሎ ጣራውን አየ። ፎቅ ላይ ገና ሰባት አልጋዎች አሉ። ተቀመጠ፤ ኢንጂነሩ ወረቀት ላይ እየገለበጠ እንዲደርስበት ቀስ እያለ፣ ፊደል በፊደል ጻፈ። ስምንቱ ዐሥራ ስድስት ሆነ፤ ማንቂያውም ተነሣ።

«ያዝከው?» አለ ሽቦ።

«ያዝኩት።»

ተነሥቶ እጆቹን ለፖሊሶቹ ዘረጋ።