የስድሳ ስድስቱ ልጅ

«በደሜ የተጻፈውን ክኒን ይፍቀዋል እንዴ?» አለ ዘይኑዲን፣ የጤና ጣቢያውን የቀጠሮ ካርድ ከሱቁ የጨርቅ ጣቃዎች ሥር እየወሸቀ።

ስኳር እንዳለበት ከተነገረው ሦስት ወሩ ነው፤ ሁለት ቀጠሮ አሳልፏል። ቀጭን ነው፤ ሃምሳን ገና መያዙ ነው። የሰባተኛ ሰፈር ነጋዴዎች «አንተ ደግሞ ስኳሩን ከየት አመጣኸው?» እያሉ ይገረሙበታል።

ልጁ ኢክራ ግን ዛሬ አንድ ነገር ይዛ መጥታለች። አሥረኛ ክፍል ናት። የባዮሎጂ መምህርቷ ቲቸር ማዕረግ ስለ ኤፒጄኔቲክስ ስታስተምር፣ ዘረመል ላይ የሚያርፉ ኬሚካላዊ ምልክቶች የቱ እንደሚሠራ፣ የቱ ዝም እንደሚል ይወስናሉ ብላ ነበር። በረሃብ ዘመን የተፀነሱ ሰዎች ላይ እንዲህ ያለ ምልክት ተገኝቷል፤ የስኳር በሽታም ይበዛባቸዋል።

አያቷ ሰዓደት የሱቁ በር ላይ ተቀምጠው የፎጣ ጫፍ ይቋጥራሉ።

«እማማ፣ አባዬን ያረገዙት መቼ ነበር?»

የአሮጊቷ እጆች ቆሙ። «በስድሳ ስድስቱ ረሃብ። ከወሎ ስንወጣ የስድስት ወር እርጉዝ ነበርኩ። ቅጠል ቀቅዬ እበላ ነበር።» ከዚያ ልጃቸውን ማየት አቃታቸው። «በእኔ ነው እንዴ የታመመው?»

«አይደለም እማማ! ያተረፉት እኮ እርስዎ ነዎት።»

ዘይኑዲን ወደ እናቱ ዞረ። ይህን ታሪክ ሲሰማ የመጀመሪያው ነው።

«ታዲያ ያው ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሳልወለድ ተፈርዶብኛል።»

«አልተፈረደብህም! ሰውነትህ ያኔ በትንሽ ምግብ መኖር ለመደ። አሁን በቀን አምስት ጊዜ ሻይ በአራት ማንኪያ ስኳር ስታወርድበት ግራ ገባው። ምልክቱ ይጠፋል አልልህም፤ ቲቸርም አላለችም። ስኳሩን ግን በመድኃኒት፣ በምግብ፣ በእግር በመሄድ መቆጣጠር ይቻላል። ወላሂ አባዬ፣ ይቻላል።»

«ፕሮፌሰር ሆንሽብኝ» አለ። ግን ካርዱን መልሶ አወጣው።

በማግስቱ ጠዋት አባትና ልጅ ጤና ጣቢያ ነበሩ። ነርሷ የዘይኑዲንን ጣት ወግታ ለካች፣ ቁጥሩን መዘገበችና መድኃኒቱን እንዴት እንደሚወስድ አስረዳችው።

ኢክራ ለአባቷ ያልነገረችው ነገር ነበር። እንዲህ ያለው ምልክት ወደ ልጅ ይተላለፍ እንደሆነ ቲቸር ማዕረግን ጠይቃት፣ «ገና በደንብ አልታወቀም» ነው የተባለችው። ሌሊቱን ስትገላበጥ አድራለች።

ትምህርት ቤት ሊረፍድባት ነው። ቦርሳዋን አንስታ እስከ በሩ ደረሰች። ከዚያ ተመለሰችና አባቷ የተነሳበት ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«አንቺ ደግሞ ምን ሆንሽ?» አለ ዘይኑዲን ደንግጦ።

ኢክራ ጣቷን ለነርሷ ዘረጋች።

«የእኔንም ይለኩልኝ።»