መጥሪያውን የተቀበለው እጅ

ልብስ ሰፊዋ ግንባሯን ስፌት መኪናዋ ላይ ደፍታ ሞታ የተገኘችው ፍርድ ቤት ልትሄድ በተዘጋጀችበት ቀን ረፋድ ላይ ነው። ወንድሟ «ቤቱ የእኔ ነው» ብሎ ከሷት፣ መጥሪያው ስላልደረሳት ሳትቀርብ ቀርታ፣ በሌለችበት ተፈርዶባታል። ፍርዱ እንዲነሳላት አቤቱታ የምታስገባበት የመጨረሻው ቀን ያ ቀን ነበር።

«ልቧ ነው» አለ ወንድሟ ዓይኑን በጨው አጥቦ። «ዱሮም ደካማ ነበረች።»

ባልደረቦቹ «ወንፊት» የሚሉት መርማሪ የሟችን ከንፈር ገለጥ አድርጎ አየ። ውስጡ በልዟል፤ ጥርሷ ላይ ሰማያዊ ክር ተጣብቋል። የወንበሩ ትራስም ሰማያዊ ነው። ሴትዮዋ ታፍና ነው የሞተችው።

መኪናው ላይ ያለው ቀሚስ ጠርዙ ገና እኩሌታው ነው የተሰፋው። የሸሚዟ ደረት በስፒል ተበሳስቷል፤ ስፒል ግን አንድም የለበትም። ስፒሎቹ በትንሿ የጨርቅ መሰኪያቸው ላይ አምስት አምስት ሆነው ተሰክተዋል። ቦርሳዋ ደግሞ ተበርብሯል።

መጀመሪያ መጥሪያ አድራሹን ጠራው።

«መጥሪያውን ለማን ሰጠህ?»

«ለቤተሰብ፣ ጌታዬ። በሩ በሰንሰለት ገርበብ ብሎ ነው የፈረሙልኝ። የሴት እጅ እንጂ ፊት አላየሁም።»

ቀጥሎ ከሟች ጋር የምትኖረው ልጇ ገባች።

«እኔ ከጠዋት ጀምሮ ገበያ ነበርኩ።»

«እናትሽ ስትሰፋ ስፒሎቿን የት ነው የምታደርገው?»

«ደረቷ ላይ ነዋ! ሳቅፋት ስንቴ ወግተውኛል።»

«ስትጨርስስ?»

«አምስት አምስት አድርጌ እሰካላታለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ የእኔ ሥራ ነው።»

አመሻሹ ላይ ሦስቱንም እዚያው ስፌት ክፍል ሰበሰባቸው።

«ቀሚሱ አላለቀም» አለ ወንፊት። «ስለዚህ ስፒሎቹ ደረቷ ላይ መሆን ነበረባቸው። ገዳይዋ በትራስ ስትጫናት ክንዷን ወጓት፤ ደም ነካቸው፤ ነቀለቻቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ኪሱ ከትቶ እብስ ይላል። ይቺ ግን እጇ የለመደውን ሠራ፤ ጠራርጋ አምስት አምስት ሰካቻቸው። አንቺ፣ በዚህ ሙቀት ረጅም እጅጌ ምን ይሠራል? እስቲ ሰብስቢው።»

ልጅቷ እጅጌዋን ስትሰበስብ ክንዷ ላይ ሰባት ቀያይ ነጥቦች ታዩ።

«አጎቴ ነው!» ብላ ጮኸች። «መጥሪያውን ደብቂ፣ የቤቱን ፎቅ ላንቺ እሰጥሻለሁ አለኝ። እማዬ ትናንት ፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ሄዳ መጥሪያው ላይ ፊርማዬን አየችው። ‹ነገ ለዳኛው እናገራለሁ› ስትለኝ፣ ልታሳስረኝ ነው ብዬ...»

«እኔ ግደያት አልኩሽ?» አለ አጎቷ ቶሎ ብሎ።

«አቤቱታውን ቦርሳዋ ውስጥ ፈልገሽ አጣሽው አይደል?» አላት ወንፊት። «ፍርድ ቤት ልትለብሰው ባዘጋጀችው ኮት ውስጥ፣ ራሷ በሰፋችው ኪስ ነበር።» ወረቀቱን ዘርግቶ አነበበ፦

«‹መጥሪያውን ልጄ በሰዓቱ ሰጥታኛለች። ታምሜ ተኝቼ ስለነበር የረሳሁት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው።›»

ልጅቷ ወለሉ ላይ ዝርፍጥ አለች።

«ልትዋሽልኝ ነበር?» አለች። «እማዬ ለእኔ ብላ ልትዋሽ ነበር?»

ወንድምየው ግን ሰዓቱን አየ።

«መዝገብ ቤቱ ይሄኔ ተዘግቷል፣ አይደል?» ብሎ ጠየቀ።