አመድ የገባበት ጭቃ

መቶ አለቃ ክንፈሚካኤል ከፍኖተ ሰላም በላንድሮቨር ሲንገጫገጭ መጥቶ ቡሬ ካለው የኩባንያው እህል መጋዘን ሲደርስ መጀመሪያ የተቀበለው ሽታው ነው። የበሰበሰ ዓሣና ነጭ ሽንኩርት አንድ ላይ ይሸታል። ቀጥሎ የተቀበለው የሥራ አስኪያጁ የአቶ ገብረሰንበት ድምፅ ነው፤ እሱም ከሽታው ብዙ አይሻልም።

«እህሉን ሁሉ ሽታ ያዘው እኮ፣ መቶ አለቃ። ገዢ ምን ይለኛል?»

«ሰውየውስ?»

«እ፣ ሰውየው እዚያ ነው።»

ተስፋው ከበሩ ሥር በግንባሩ ተደፍቷል። ኩባንያው ከአዲስ አበባ የላከው የሥልጠና አዘጋጅ ነበር፤ ሠራተኞቹ በነቀዝ መድኃኒት ሳይሞቱ የሚሠሩበትን ትምህርት እንዲያሰናዳ። ባለፈው ክረምት ሁለት ተሸካሚዎች መድኃኒት ከተጨሰበት መጋዘን ገብተው በዚያው ቀርተዋላ። አሁን መምህሩ ራሱ በዚያው ጢስ አልቆ፣ ጥፍሮቹ በሩን ሲቧጥጡ ተነቅለው፣ ከሞቱ አይጦች መካከል ወድቋል። መቶ አለቃው ብዙ ሬሳ ያየ ሰው ነው፤ የበሩን ጭረት ሲያይ ግን ፊቱን አዞረ። ወጣ ብሎ ምራቁን ተፋ።

የመጋዘኑ ቁልፍ ያዥ ቢያዝን እጁን የኋሊት ታስሮ፣ አንድ ፖሊስ እየጠበቀው ከግድግዳው ሥር ተቀምጧል። ዛሬ ሰኞ ጧት በሩን ከፍቶ ሬሳውን ያገኘ እሱ ነው፤ ያገኘ ደግሞ ገዳይ ነው ተብሎ ታሰረ። ከዚህ ወደ ፍርድ ቤት፣ ከፍርድ ቤት ወደ መስቀያ፤ መንገዱ አጭር ነው።

«ነገሩ ግልጽ አይደል?» አለ ገብረሰንበት ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ። «ተጣልተው ነበር፣ ቅዳሜ ከውስጥ ሳለ መድኃኒቱን አጨሰና ዘጋበት። አመራረጉን ይዩት፤ ዓርብ ያስተማራቸውን አንድም ሳያስቀር። በገዛ ትምህርቱ ገደለው።» እንዲህ ብሎ ፈገግ አለ። ፈገግ የሚያሰኝ ነገር አግኝቶ!

መቶ አለቃው በሩ ላይ የቀረውን ምርጊት በጣቱ አሸው። አመድ የገባበት ጭቃ ነው፤ ከላይ እስከ ታች ተለስኖ፣ ስንጥቅ እንኳ የለውም። ወደ ቢያዝን ሄዶ አጠገቡ ቁጢጥ አለ።

«ቅዳሜ የት ዋልህ?»

«ገበያ፣ ጌታዬ። በርበሬ ስሸምት።»

«ማን አየህ?»

«ገበያ ሙሉ ሰው አየኝ። ገበያ ሙሉ ሰው ግን ለምስክር አይመጣም።»

«በሩን የምትዘጉት በምንድን ነው?»

«ጆንያ በውኃ ነክረን ስንጥቁን እንወትፋለን። መምህሩ የተሻለ መላ አለኝ፣ አሳያችኋለሁ ብሎን ነበር፤ ሳናየው ቀረ።»

«ዓርብ አስተምሯችሁ የለ?»

ቢያዝን ታስሮም ሊስቅ ምንም አልቀረው። «ዓርብማ የጥቅምት መድኃኔዓለም! ማን ሥራ ይነካል? ጌቶች አቶ ገብረሰንበት ‹በዓል ብሎ ነገር አላውቅም፣ ተማሩ› ብለው አዘው ወደ ደብረ ማርቆስ ሄዱ። መምህሩ ግን ሰው ያውቃል፤ ‹እንግዲያው ሰኞ› ብሎን አብሮን ንግሥ ዋለ።»

ከመምህሩ ጋር ተጣልቶ ነበር የተባለው የወፍጮ መካኒኩ ሐብቴም ነገሩን አልደበቀም። «ሰው እንዳይጎዳ ሞተሩን እጠረው ቢለኝ ሰድቤዋለሁ። ዓርብ ግን ጠላ ቀድቼለት ታረቅን። ውሸት ከሆነ ታቦቱ ይፍረድብኝ።»

የቢሮ ጽዳት ሠራተኛዋን ከማድቤቱ ደጃፍ አገኛት።

«እትዬ የሻሽወርቅ፣ አመዱ ከእርስዎ ምድጃ ነው?»

«ከኔው ነው። ሐሙስ መምህሩ ወስዶ፣ ጭቃ ለውሶ በጌቶች ቢሮ በር ላይ መርጎ አሳያቸው። ‹ጆንያ ጢስ ያሳልፋል፣ ይኸ ግን አይሰነጠቅም› ሲል ሰማሁት። ማን አጠበው? እኔው ነኝ።»

«ሌላ ሰው ነበር?»

«እነሱው ሁለቱ። ኋላ ተጯጯሁ፤ ስለ ሞቱት ተሸካሚዎች ነው መሰለኝ።»

ሥራ አስኪያጁን ሊጠራ ወደ ቢሮው ሲገባ፣ ሬሳው ሳይነሣ ጥሬ ሥጋ እየቆረጠ አገኘው። ደም ያለበት ቢላውን እየላሰ «ይቅረቡ እንጂ» አለው። መቶ አለቃው ዞር ብሎ ወጣ።

ሁሉንም ከመጋዘኑ በር ሰበሰባቸው።

«ተስፋው በራሱ ላይ በሩን አልዘጋም፤ ምርጊቱ ከውጭ ነው። የመረገው እጅ ሙያውን የተማረ ነው። ማን ተማረ? ቢያዝንና ሐብቴ የሚያውቁት ጆንያ ነው፤ ቢገድሉት ጆንያ ይወትፉ ነበር። ዓርብ ትምህርት አልነበረም።»

«እንዴት አልነበረም? አዝዤ ሄድሁ እኮ!» አለ ገብረሰንበት።

«አዎ፣ አዘዙ። ያዘዙት ሁሉ የሚፈጸም ስለሚመስልዎ አልጠየቁም። ቅዳሜ ሲመለሱ ሁሉም ምርጊቱን የተማረ መሰለዎ። ሰው ሁሉ ገበያ ነበር፤ ሁለተኛው ቁልፍ ከቢሮዎ ነው። በእሱ ከፍተው ተስፋውን አስገቡትና መድኃኒቱን አጭሰው ዘጉበት፣ በቢያዝን ላይ ለማላከክም እንደ ተማሪ አድርገው መረጉት። ያን ጭቃ ግን ተስፋው ከእርስዎ በቀር ያሳየው ሰው የለም።»

«ወሬ ነው!»

የሻሽወርቅ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች። «ቅዳሜ ማታ ጌቶች የታጠቡበትን ውኃ እኔ ደፋሁት። አመድማ ነበረበት። ጭቃ ነክተው የማያውቁ ሰው ምን ነካቸው ብዬ ነበር።»

«ሐሙስ ሁለቱ የተጯጯሁበትስ?» አለ መቶ አለቃው ወደ ሠራተኞቹ ዞሮ። «ያኔ ክረምት ግቡ ያለ ማን ነው?»

ቢያዝን ቀና አለ። «‹ሳይናፈስ አንገባም› አልን። ‹መኪናው ይጠብቃል፣ ግቡ› አሉ ጌቶች። ሁለቱ ገቡ። ዛሬ ሰኞ የኩባንያው ሹም ሲመጣ መምህሩ ይህን ሊነግረው ነበር፤ ለጌቶችም ነግሬያቸዋለሁ ብሎናል።»

ገብረሰንበት ፊቱ ቀላ። «ለሁለት ተሸካሚ ብሎ ስሜን ሊያጠፋ! ተሸካሚ እንደሆነ ገበያው ሙሉ ነው!»

መቶ አለቃው ጀርባውን ሰጠው። ቢያዝንን ራሱ ፈታው፣ ለፖሊሱም ሥራ አስኪያጁን እንዲያስረው ጠቆመው።

ገብረሰንበት እጁ እየታሰረም ወደ ሠራተኞቹ ጮኸ፤ «ምን ቆማችሁ ታያላችሁ? ወደ ሥራ!»

አንድም ሰው አልተንቀሳቀሰም። ቢያዝን ክንዱን እያሸ ወደ መጋዘኑ ገባ፣ ጋቢውን አውልቆ ተስፋውን አለበሰው። ከዚያ ወደ በሩ ዞሮ ቃሬዛ እንዲያመጡለት ለመናቸው፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተንቀሳቀሱ።