ደህና ነኝ ትላለች

ይሄን ማንም አልነገረኝም። በሁለት አይኔ ያየሁት ነው። ማመን አለማመን የናንተ ፈንታ ነው።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። ማላዊ፣ ሽሬ ወንዝ ዳር ያለው ሆስፒታላችን፣ የሴቶች ክፍል። ሙቀቱ አያድርስ ነው!

እኛ ጋ በሽተኛ ያለ አስታማሚ አይተኛም። አስታማሚዋ ታበላለች፣ ታጥባለች፣ በሽተኛዋ መናገር ካቃታትም እሷ ትናገርላታለች። እኔ ብቻዬን ለስንቱ አልጋ ልድረስ? አስታማሚዋን ጠይቄ አልፋለሁ። ሁላችንም ነርሶች እንደዛ ነን።

እማማ እነለሲ የሚባሉ በሽተኛ ስትሮክ መቷቸው አንደበታቸው ተይዟል። አጠገባቸው አረንጓዴ ሻሽ ያሰረች ሴት ተቀምጣለች።

"በሉ?"

"በልታለች።"

"ያማቸዋል?"

"ደህና ነኝ ትላለች፣ ሲስተር ፋትሳኒ።"

ስሜን ግን ነግሬያት አላውቅም...

የበቆሎ ገንፎው ሳይነካ ደርቋል። የእማማ ከንፈር ተሰነጣጥቋል።

ወለሉ ገና መወልወሉ ነው። ሴትየዋ በባዶ እግሯ ወጣ ብላ ተመለሰች።

እርጥቡ ላይ የኔ ዱካ ብቻ...

"ወደ ቤት ውሰዱኝ ትላለች" አለችኝ በሹክሹክታ። "ግሉኮሱን ንቀይላት።"

ግሉኮሱ ከተነቀለ እማማ እስከ ማታም አይቆዩም! ደሜ ፈላ።

"ቆይ እስቲ፣ ራሳቸውን ልጠይቅ!"

ጎንበስ አልኩ።

"እማማ፣ አዎ ከሆነ አይንዎን ይጨፍኑ። ያምዎታል?"

ጨፈኑ። እንባቸው ወረደ። አንጀቴን በሉት።

"ቤት መሄድ ይፈልጋሉ?"

አልጨፈኑም።

"ይቺ... ልጅዎ ናት?"

አልጨፈኑም።

"ያውቋታል?"

አይናቸው እንደፈጠጠ ቀረ።

ቀና ስል ወንበሩ ባዶ ነው።

በሩ ላይ እስከ ጉልበቷ ጭቃ የሆነች ሴት ቅርጫት ይዛ ቆማለች።

"እማዬ! እማዬን! ወንዙ ሞልቶ አላሳልፍ ብሎኝ እኮ ነው... ሲስተር፣ እስካሁን ማን አስታመመልኝ?"

 

ወደ እማማ ጆሮ ተጠጋሁ።

"ሄደች?"

አልጨፈኑም።

አይናቸው ቀስ ብሎ... ከጀርባዬ ወዳለው አልጋ ዞረ።

እዛ የተኛችው ከኦፕራሲዮን የወጣች ወጣት ናት። ማደንዘዣው ገና አልለቀቃትም።

አረንጓዴ ሻሽ ያሰረችው ሴት አንሶላዋን ታስተካክልላታለች።

ቀና ብላ አየችኝ።

"ሲስተር... ወደ ቤት ውሰዱኝ ትላለች።"