ጠዋት ነው የጫንሽው፣ አይደል?

«ዘጠና ሦስት በመቶ» አለች የሚጣ እህት፣ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ። «አሳይመንትሽ ዘጠና ሦስት በመቶ ከሌላ ተማሪ ጋር አንድ ነው ይላል ሲስተሙ። ሦስት ሳምንት ዓይኔ እስኪጠፋ የጻፍኩት እኔ ኮራጅ ተባልኩላችሁ።»

የአሥራ አራት ዓመቷ ሚጣ የምትተረትረውን ቀሚስ እንደያዘች ቀረች። እናታቸው ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የተበላሸ ስፌት መፍታት የሚጣ ሥራ ነው።

«ከማን ጋር ነው አንድ የሆነው?»

«ከቀጮ። አብሮኝ የሚማረው፣ የታች ሰፈሩ ልጅ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ማገጣጠም የማይችል ሰው፣ አሁን እሱ ደራሲ፣ እኔ ሌባ። ነገ መምህሩ ቢሮ ተጠርተናል። ካላሳመንኩ እወድቃለሁ፤ ከወደቅኩ ደግሞ ዘንድሮ መመረቅ የለም።»

እናታቸው የስፌት መኪናውን አቆሙ። «ታዲያ የማን እንደሆነ በምን ይለዩታል?»

«በሰዓቱ። ማን ቀድሞ እንዳስገባ ሲስተሙ ይመዘግባል። ገጼን እስኪያጣሩ ስለዘጉብኝ ማየት አልቻልኩም እንጂ የኔማ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው የገባው።» ወደ ሚጣ ዞረች። «ጠዋት ነው የጫንሽው፣ አይደል?»

«አዎ» አለች ሚጣ። ቃሉ ሳታስበው አፈትልኮ ወጣ፤ ከአፍ ከወጣ ደግሞ አፋፍ ነው።

«እንግዲያ ምን ያስጨንቅሻል» አሉ እናታቸው። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።» መኪናው እንደገና ይንኳኳ ጀመር።

ባለፈው ሐሙስ እህቷ ለልምምድ ሆስፒታል ውላ ነበር። እዚያ ስልክ መያዝ ስለማይፈቀድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እንድትጭንላት ፋይሉንና የይለፍ ቃሏን ለሚጣ ትታላት ሄደች። ሚጣ ልትጭን ስትል የቀጮ መልእክት ገባ። «ሚጣዬ፣ የእህትሽ አሳይመንት አንቺ ጋ ነው አሉ። አቀራረቡን ብቻ ልየው። ለሷ እንዳትነግሪያት፣ መሳቂያ ታደርገኛለች።»

ሚጣዬ ብሏት አያውቅም። ላከችለት። አመሰገናት፣ ቀለደ፣ ስለ ጸጉሯ አንድ ነገር አላት። እሷም እየሳቀች ስትመልስ፣ እሱ ሲጽፍ፣ ረፈደ። የመጫኑ ነገር ትዝ ሲላት አምስት ሰዓት ከአርባ ሆኗል።

መምህሩ በጠሯቸው ቀን እህቷ «ምስክሬ አይደለሽ፣ ነይ» ብላ ይዛት ሄደች። ኮሪደሩ ላይ ቀጮ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። እህቷ ገላምጣው ቢሮው ገባች፤ በሩ ገርበብ እንዳለ ቀረ።

«ስሚ» አለ ቀጮ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኔም አንቺም አፋችንን ከያዝን ነገሩ በዚያው ይቀራል። አንቺም እኮ አለሽበት።»

አለችበት። ይህን ለማወቅ የሱ ማስታወስ አላስፈለጋትም።

ከውስጥ የመምህሩ ድምፅ ተሰማ። «ያንቺ የገባው አምስት ሰዓት ከአርባ ነው። የሱ አራት ከሩብ።»

«ሊሆን አይችልም መምህር። ጠዋት ነው የገባው። የጫነችው እህቴ ናት።»

«እህትሽ ዋሽታሽ ቢሆንስ?»

«እሷ?» እህቷ በንዴቷ መሀል ሳቅ አለች። «ሰነፍ ናት ይበሉኝ፣ እሺ። ውሸት ግን አታውቅም።»

የሚጣ ጆሮ ጋለ። ቢሰድቧት ይሻላት ነበር። ስልኳን አውጥታ የሐሙሱን መልእክቶች ከመጀመሪያው ከፈተች፤ ስለ ጸጉሯ የተባለው፣ እሷ የመለሰችው፣ ሁሉም እዚያው ነው። ለማጥፋት አንዴ መንካት ይበቃ ነበር። ቀጮ ክንዷን ሊይዝ ሲል ፈቀቅ አለችና በሩን ገፋችው።

መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው አዩዋት። «ምን ፈለግሽ፣ ልጄ?»

«ይቅርታ መምህር» አለች። ስልኩን ግን እህቷ ፊት አስቀመጠችው።

«መጀመሪያ አንቺ አንብቢው።»