የዘወትር እግረኛ

«ልጅ ያዘለች ሴት አንድ ናት ወይስ ሁለት?» አለች ነጅሚያ።

ዓይናለም ከወረቀቷ ቀና ሳትል አንድ ጭረት አሰመረች። ቲቸር ይሻው ጠዋት ነግረዋቸው ነበር። የሚቆጠረው በገዛ እግሩ የሚሻገር ብቻ ነው፤ የታዘለና ሰው የተሸከመው አይገባም። ሰርግና ለቅሶም አይገባም። የሚፈለገው የዘወትሩ እግረኛ ነው።

«እንግዲያው ያ ከጠላ ቤት የወጣው ሰውዬም ይቅር» አለች ነጅሚያ። «እሱም በገዛ እግሩ አይደለም የሚሄደው።»

ዓይናለም ፈገግ ለማለት ሞከረች። የተንቀሳቀሰው ግን ከንፈሯ ብቻ ነበር።

ሁለቱ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ከትምህርት ቤታቸው በር ፊት ለፊት፣ ከአስፋልቱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ከጉና በኩል የሚመጣው ነፋስ ወረቀታቸውን ያገላብጠዋል። ነጅሚያ መኪናውን ትቆጥራለች፤ ባጃጁን፣ ሚኒባሱን፣ ከወረታ ወደ ጋይንት የሚያልፈውን ሲኖትራክ። ዓይናለም አስፋልቱን የሚሻገረውን ሰው ትቆጥራለች። በሦስቱ የቆጠራ ቀናት ውስጥ በአንዲት ሰዓት እንኳ ሁለት መቶ ሰው ከተሻገረ፣ እዚህ ቦታ ላይ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ እንደሚሠሩ የመንገድ ቢሮ ሰዎች ተናግረዋል። ሁለቱ ቀን ሳይሞላ አለፈ። ፈተና በመድረሱ ግማሹ ተማሪ ቤቱ ሆኖ ያጠናል። ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው።

የዓይናለም ታላቅ ወንድም ማሩ በጥቅምት መኪና ገጭቶ የገደለው እዚሁ ነው፤ ከወፍጮ ቤት ሲመለስ። ከዚያ ወዲህ ዓይናለም የታዘዘችውን ሁሉ ትሠራለች። ውኃ ትቀዳለች፣ ታጠናለች፣ የቀረበላትን ትበላለች። በቀብሩ ቀን አላለቀሰችም። ዘመዶቿ መጀመሪያ «ጠንካራ ልጅ» አሏት፤ ኋላ ዝም ብለው ያዩዋት ጀመር። እናቷ ስለ ማሩ አታነሳም፤ እሷም አታነሳም። ቲቸር ይሻው ማን መቁጠር እንደሚፈልግ ሲጠይቁ ግን ቀድማ እጇን ያወጣችው እሷ ነበረች።

ሰባት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነጅሚያ አንገቷን አስግጋ ጭረቶቹን ደመረች። የሰዓቱ ሁለት መቶ እንዲሞላ ሠላሳ ያህል ሰው ይጎድላል። አጎቶቿን ከሱቃቸው ጠርታ ወዲያና ወዲህ ብታመላልሳቸው እንደሚሞላ በቀልድ መልክ ተናገረች። በድምጿ ውስጥ ግን ቀልድ ብዙም አልነበረም።

ያን ጊዜ ከውስጥ ለውስጡ መንገድ ለቀስተኛ ወጣ። ከፊት ካህናቱ፣ ቀጥሎ ሣጥኑን የተሸከሙት ወጣቶች፣ ከኋላ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች። ማንም ሳያዘው መኪናው ሁሉ ቆመ። አንድ የባጃጅ ሹፌር ሞተሩን አጠፋና ኮፍያውን አውልቆ ወረደ። ነጅሚያ ሻሿን አስተካክላ ተነሳች።

ዓይናለም አልተነሳችም። ሰው ተሻገረ፣ እጇ አሰመረ። ሌላ ተሻገረ፣ እጇ አሰመረ። አራት ጭረት፣ በላዩ አንድ፤ አራት ጭረት፣ በላዩ አንድ።

ከመጨረሻዎቹ አንዲት ጠና ያሉ ሴት አጠገቧ ሲደርሱ እርምጃቸውን ገታ አደረጉ። አልተቆጡም።

«የኔ ልጅ፣ አስከሬን ሲያልፍ እኮ ይነሳል» አሉና አለፉ።

ሞተሮቹ ተራ በተራ ተነሱ። ነጅሚያ ተቀመጠችና ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችው። ጣቷን በጭረቶቹ ላይ እያስኬደች ቆጠረች፤ ደግማ ቆጠረች።

«ዓይኔ፣ ሞልቷል» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ለቅሶ አይቆጠርም ተብሏል።»

«አታካብጂ ባክሽ። ሰው አይደሉም? በእግራቸው አይደል የተሻገሩት? ቲቸር እዚህ አልነበሩ።» ጠጋ ብላም ጨመረች፦ «ደግሞ ለማሩ ነው።»

ዓይናለም ወረቀቱን አየችው። ካህናቱ የቱ ጋ እንደሆኑ ታውቃለች። ተሸካሚዎቹም የቱ ጋ እንደሆኑ ታውቃለች፤ በቀኝ ሁለት፣ በግራ ሁለት። በመካከላቸው ግን አንድ ጭረት ትርፍ ነበር። ነጅሚያ አላስተዋለችውም። ዓይናለም ቆጥራው ነበር፤ ሣጥኑ ውስጥ ያለውን።

የማሩ ሣጥን ሲያልፍም ከመንገድ ዳር ተቀምጦ እንዲህ በጭረት የቆጠረው ሰው ይኖር ይሆን ብላ አሰበች። ሐሳቡ መጣና ምንም ሳያደርጋት አለፈ። ከቀብሩ ቀን የምታስታውሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መኪኖቹ ሲቆሙ የሆነውን ጸጥታ።

እስክሪብቶዋን አንስታ ከመጀመሪያው ካህን እስከ መጨረሻዋ ሴት ያለውን ሁሉ በአንድ መስመር ሠረዘችው። ከጎኑ «ለቅሶ» ብላ ጻፈች።

«እንግዲህ ጉብታው ቀረ» አለች ነጅሚያ።

«ለቲቸር እንደ ጎደለ ስጫቸው። ፈተናው አልቆ ተማሪው ሲመለስ ቆጠራው ይደገምልን ብዬ መንገድ ቢሮ ድረስ የምሄደው እኔ ነኝ።»

«እምቢ ቢሉሽስ?»

«እምቢ ይበሉ። እጠይቃለሁ።»

ወረቀቱን ሰጥታት ተነሳች። እግሯ ደንዝዞ ስለነበር መጀመሪያ አነከሰች። ግራና ቀኝ አይታ አስፋልቱን ተሻገረች፤ ነጅሚያ ከኋላዋ ስትጠራት ሰምታ አልዞረችም። ለቀስተኞቹ ከዳገቱ መታጠፊያ ደርሰው ነበር። ሮጥ ብላ ደረሰችባቸውና ከሴትየዋ ጎን መራመድ ጀመረች።

«እማማ፣ ያረፈው ማን ይባላል?»

ሴትየዋ አይተው አወቋት። «ሀብታሙ» አሉ። «የእህቴ ልጅ ነው። ታውቂው ኖሯል?»

«አላውቀውም» አለች ዓይናለም። «እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ልሸኘው።»

ሴትየዋ ወደ መንገዱ ዳር ጠጋ ብለው ቦታ ሰጧት።